አልፋው ከ0.61 ወደ 0.83 ወጣ፣ ፈተናው ግን ሞተ። ዳታ የሚሠራ ሰው ትምህርቱን ማወቅ አለበት ወይ?

ዳታ ቤት ከዚራ | ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም። ረጅም ነው፣ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሑፍ፣ ጥረዛ፣ ከዚያ ደግሞ ለማስተርስ ተማሪዎች በኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነው) ዳታ መሥራት። የተማርኩት ስታትስቲክስ ነው። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ቲ-ቴስት፣ አኖቫ፣ ሪግሬሽን የሚባሉትን ስሌቶች ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው። የግብርና መጣ፣ የጤና መጣ፣ የትምህርት መጣ፣ ለእኔ ሁሉም ረድፍና ዓምድ ነው። እንዲህ እያልኩ ኖርኩ።

ባለፈው ወር አንድ የሒሳብ መምህር መጣ። ማስተርሱን እየጨረሰ ነው። ቴሲሱ 5ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ልጆች አስርዮሽ ቁጥር ሲያወዳድሩ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚል። ፈተናው 12 ጥያቄ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሁለት ቁጥር ተሰጥቷል፣ የሚበልጠውን አክብብ። ከዋናው ጥናት በፊት 38 ልጆች ላይ ለሙከራ ፓይለት አድርጓል። ዳታውን አስገባሁ፣ አልፋውን (የፈተናው ጥያቄዎች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ቁጥር) አወጣሁ፣ 0.61። አድቫይዘሩ ደግሞ ከ0.7 በታች ይዘህ እንዳትመጣ ብሎታል።

ምን አደረግኩ? ሁላችሁም የምታደርጉትን። ኤስፒኤስኤስ «ይህ ጥያቄ ቢወጣ አልፋው ስንት ይሆናል» የሚል ሰንጠረዥ አለው አይደል፣ እሱን አየሁ። 4ኛ፣ 7ኛ እና 11ኛ ጥያቄ ከቀሪው ፈተና ጋር ያላቸው ኮሪሌሽን ኔጋቲቭ ነው። በሌላው ጎበዝ የሆነው ልጅ እነዚህን ይስታቸዋል፣ በሌላው ደካማ የሆነው ያገኛቸዋል ማለት ነው። በእኛ ሰፈር እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የተበላሸ ጥያቄ ይባላል። ሦስቱንም ቆረጥኳቸው። አልፋው 0.83 ገባ። ደንበኛዬ ደስ ብሎት ከተስማማነው ላይ ጨምሮ ከፈለኝ፣ ማንጎ ጁስም ጋበዘኝ።

ከሳምንት በኋላ የሰፈራችን መምህርት የክፍል ፈተና ልታባዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ያቺ ወረቀት ሦስቱ ጥያቄዎች በቀይ ተሰርዘው ተቀምጣለች። አየቻት፣ መነጽሯን አወረደች፣ እንደገና አየቻት። «እነዚህን ሦስቱን ለምን ሰረዝካቸው? ከዚህ ወረቀት ላይ ጥያቄ የሚባሉት እኮ እነሱ ብቻ ናቸው» አለችኝ።

እዚህ ስላለች ራሷ ትንገራችሁ። የእኔ ጥያቄ ይሄ ነው። የትምህርት ጥናት ላይ ቁጥር የሚሠራ ሰው የሚጠናውን ትምህርት ራሱን ማወቅ ግዴታው ነው? ወይስ ስታትስቲክሱን በትክክል ከሠራ ይበቃዋል? እስከ ባለፈው ወር ድረስ መልሱ ግልጽ ነበር።

ቲቸር ከሳቢያን | ማክሰኞ ማታ 3፡02

መነጽሬን ለምን ታነሳለህ አንተ 😂

እሺ ልንገራችሁ። 0.35 እና 0.4 ስጧቸው ለ5ኛ ክፍል ልጆች። የትኛው ይበልጣል? ብዙው 0.35 ይላችኋል። ለምን? «ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት» ብሎ ነው የሚያነበው። ሠላሳ አምስት ከአራት ይበልጣላ! እኛም መምህራኑ እንደዚያው እያነበብን ነው የምናስተምራቸው፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። ልጁ ከነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ነው የሚያየው። ስለዚህ ረጅሙ ሁልጊዜ ይበልጣል።

አሁን ይሄንኑ ልጅ 0.75 እና 0.3 ጠይቁት። 0.75 ይላል። ትክክል! 0.62 እና 0.5? 0.62። ትክክል! ስለ አስርዮሽ ምንም ሳያውቅ አገኘው። ሰባ አምስት ከሦስት ይበልጣል ብሎ ነው ያገኘው።

የዚያ ፈተና ዘጠኙ ጥያቄዎች እንዲህ ናቸው። ረጅሙ ቁጥር በአጋጣሚ የሚበልጠውም እሱ ነው። ሦስቱ ብቻ ናቸው የተገላቢጦሽ፣ 0.35 እና 0.4፣ 0.125 እና 0.3፣ 2.18 እና 2.6። ያወቀውን ካላወቀው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ኤስፒኤስኤስ ደግሞ እነሱን ነው «የተበላሹ» ያላቸው።

ተቃራኒ ልጆችም አሉ ደግሞ። «መቶኛ ከአስረኛ ያንሳል» የሚለውን ሰምቶ፣ እንግዲያው አጭሩ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ የደመደመ። እሱ ሦስቱን በሙሉ ያገኛል፣ ዘጠኙን ይስታል። ጓደኛችን «ደካማው ልጅ ያገኛቸዋል» ያለው እሱን ነው። ያም አያውቅም፣ ይሄም አያውቅም። ሁለት የተለያየ ስህተት ነው።

እግረ መንገዴን፣ አሸዋ ገበያ ሚዛን ላይ የሚሠራ ተማሪ አለኝ። ዲጂታል ሚዛን እያነበበ ነው የሚውለው፣ አስርዮሽ ያውቃል ብዬ ነበር። አያውቅም። ሚዛኑ ሁልጊዜ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ነው የሚጽፈው፣ 0.350፣ 0.400። እኩል ርዝመት ስለሆነ ስህተቱ በጭራሽ አይጋለጥም። ቀኑን ሙሉ በስህተት ዘዴ ትክክል እየመዘነ ይውላል።

ረድፍና ዓምድ | ማክሰኞ ማታ 3፡40

ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ይባላል። የጥያቄው ይዘት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የባለሙያ ገምጋሚዎች ሥራ ነው። ለዚህ ነው ፈተና ለሦስት ለአራት ሰው ተሰጥቶ የይዘት ግምገማ የሚደረገው። ስታትስቲክስ የሚሠራው ሰው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። እሱም ፊዚክስ፣ እሱም ኬሚስትሪ፣ እሱም ሒሳብ ይወቅ ካልን ማን ሊሠራ ነው? መልአክ እንቅጠር?

ሌላው፣ አንተ ልጅ የሳትከው ስታትስቲክሱን ራሱን ነው። አልፋ ጥያቄዎቹ አንድ ነገር እንደሚለኩ አያረጋግጥም። አልፋ በስሙ የሚጠራው ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. ስለ አልፋ ከጻፈ ጀምሮ ስንት ሰው ይሄን ጮኸ። ጥያቄ በበዛ ቁጥር ብቻ እንኳ ከፍ ይላል። 0.7 ከሰማይ የወረደ ይመስል መቁረጥ ክፉ ስታትስቲክስ እንጂ የትምህርት ዕውቀት ማነስ አይደለም።

ዳታ ቤት ከዚራ | ማክሰኞ ማታ 3፡58

ወንድሜ፣ ስለ 0.7 ያልከውን ተቀብያለሁ። ጆሮዬን ቆንጥጠኸኛል፣ ይገባኛል።

ባለሙያ ያልከው ላይ ግን ስማኝ። ያ ፈተና ተገምግሟል። ሦስት ሰው ነው የገመገመው። ሦስቱም ሒሳብ የተማሩ፣ አንደኛው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር። ሦስቱም በ12ቱ ጥያቄዎች ላይ «ተገቢ ነው» ብለው ምልክት አድርገዋል። ቅጹ እጄ ላይ አለ። እውነታቸውን ነው ደግሞ፣ 0.75 እና 0.3 አስርዮሽ ማወዳደር ነው፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ አይወጣም። 5ኛ ክፍል ቆሞ ስህተት ሲታረም የኖረ ሰው ግን በመካከላቸው አልነበረም።

የጀጎል ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡20

ሐረር ነኝ። ሆጃዬን እየጠጣሁ ነው የማነባችሁ፣ ጥሩ ክር ነው።

እኔ ደግሞ የንባብ ነገር ላንሳ። ልጅ በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል ያነባል የሚለውን ምዘና ታውቁታላችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገር ደረጃ 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ ሲሠራ በስድስት ቋንቋ ነበር፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ እና በእኛው በሐረሪ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ልጆቻችን ሳያነቡ ክፍል እየዘለሉ መሆኑን ያሳየን እሱ ነው። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በየቢሮውና በየወርክሾፑ የሚሠራው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ሁሉንም ቋንቋ በአንድ ዓምድ ደርድሮ «በደቂቃ ይሄን ያህል ቃል» ብሎ ማን ይበልጣል ይባላል። አንድ ጊዜ ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ የማን እንደነበር ይቅር፣ ስብሰባው ላይ የአማርኛዎቹ ከኦሮምኛዎቹ ያነሱ ናቸው ወይም ይበልጣሉ እያሉ ሲከራከሩ ሰማሁ። የሚከራከሩት ሰዎች አንዱን ቋንቋ ብቻ ነው የሚያነቡት።

እኔ ጠዋት ቤት ሐረሪ፣ ፈረስ መጋላ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ተናግሬ ያደግኩ ሰው ነኝ። አማርኛ «አልመጣም» ይላል። አንድ ቃል። ኦሮምኛ «ሂን ዱፍኔ» ይላል። ሁለት ቃል። ያው ሐሳብ ነው። አማርኛ የሚያነበው ልጅ አንድ ተቆጠረለት፣ ኦሮምኛ የሚያነበው ሁለት።

ፊደል ላይማ ይብሳል። «በላ» ሁለት ፊደል ነው። የኦሮምኛው «ኛቴ» በቁቤ ሲጻፍ ስድስት ሆሄ ይሆናል። የአማርኛው ልጅ በአንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ነው የሚጠራው፣ ግን ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ማወቅ አለበት። የቁቤው ልጅ ጥቂት ቅርጽ ነው የሚያውቀው፣ ግን አናባቢው አንድ ነው ወይስ ድርብ ብሎ ማየት አለበት። የሁለቱን ልጆች «ፊደል በደቂቃ» ጎን ለጎን አስቀምጦ አማካይ ማውጣት፣ የአሸዋ ገበያን ሸሚዝና የታይዋን ገበያን ሞባይል በቁጥር ቆጥሮ የትኛው ገበያ ሀብታም ነው እንደማለት ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ንጽጽሩ ነው ባዶ።

ስለዚህ ረድፍና ዓምድ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ስታትስቲክሱ ምን ስህተት ነበረው? ምንም። አማካዩ ትክክል፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (የውጤቶቹ መራራቅ መለኪያ) ትክክል። የጠፋው አማርኛና ኦሮምኛ የሚያነብ ሰው ነው።

ባጃጅ በ20 | ማክሰኞ ማታ 4፡31

አቦ እኔ ምንም አልገባኝም ግን ጣፍጦኛል። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ከተፈተኑት 3.3 ከመቶው ብቻ ናቸው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ሲባል እኔ ከቀሩት ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ሁሉም ሰው ቁጥሯን ይዞ ሲጮህ ነበር፣ ጥያቄዎቹን ያነበበ ሰው ግን አላየሁም። የትኛው ጥያቄ ላይ ነው የወደቅነው? ሒሳቡ ነው ወይስ ሒሳቡ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ነው ያቃተን? ጠያቂ የለም። እሺ ቀጥሉ፣ ጀማው ይቅርታ።

ረድፍና ዓምድ | ማክሰኞ ማታ 4፡50

@የጀጎል ልጅ ያንተ ምሳሌ ጥሩ ነው፣ ልብ ብዬዋለሁ። ኦሮምኛ እንኳ ከሐረማያ ግቢ ውጭ አልችልም ነበር፣ ምን ልበል።

ግን አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ትምህርቱን የሚያውቅ ሰውም ያጭበረብራል። እያወቀ ማለቴ አይደለም፣ ሳያውቅ። አንድ የባዮሎጂ መምህር አውቃለሁ፣ ውጤቱን ካየ በኋላ አዲስ ዘዴ የሞከረበት ክፍል የወደቀባቸውን ጥያቄዎች እያነሳ «ይሄኛው አሻሚ ነው፣ ይሄኛው ከመጽሐፉ ውጭ ነው» እያለ ያወጣል። ለእያንዳንዱ የሚያምር ምክንያት አለው፣ ባዮሎጂ ስለሚያውቅ! የማያውቅ ሰው ቢሆን ምክንያት አያገኝም ነበር። ኤስፒኤስኤስ ቢያንስ የማን ወገን እንደሆነ አይመርጥም።

ቲቸር ከሳቢያን | ማክሰኞ ማታ 4፡57

ይሄኛው እውነት ነው። ወላሂ እኔም አድርጌዋለሁ። የራሴ ክፍል ሲወድቅ ጥያቄው ነው የሚከፋኝ።

ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዳታው ሳይከፈት በፊት ጻፈው። «እነዚህን ሦስቱን ረጅሙ ይበልጣል የሚል ልጅ ይስታቸዋል፣ እነዚህን ዘጠኙን ያገኛቸዋል» ብለህ አስቀድመህ በወረቀት አስቀምጥ። ከዚያ ዳታው ይፍረድ። ያን መጻፍ የሚችለው ደግሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ጡረተኛው ፊዚክስ | ረቡዕ ጠዋት 1፡10

ልጆቼ፣ ሌሊት ስታወሩ አድራችኋል። እኔ በጠዋቱ ንፋስ ነው የምጽፈው፣ ሙቀቱ ሳይመጣ።

ፊዚክስ ላይ ይሄ ጉዳይ ድሮ ነው የተነሳው። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ሄስተኒስ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ጉልበትና እንቅስቃሴ አንድ ፈተና አወጣ። በኋላ የተስተካከለው 30 ጥያቄ ነው፣ አምስት አምስት ምርጫ። ስሌት የለውም። ሚስጥሩ ያለው ስህተት የሆኑት ምርጫዎች ላይ ነው። ዝም ብለው የተፈጠሩ አይደሉም፣ ተማሪዎች ራሳቸው ከሚያስቡት የተወሰዱ ናቸው።

አንዱን በድሬኛ ልንገራችሁ። ሲኖትራክና ባጃጅ ፊት ለፊት ተጋጩ። ማን ነው ማንን በበለጠ ጉልበት የገፋው? «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ» ብሎ በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ሲኖትራኩ ነው ይላችኋል። ባጃጁ እንዴት እንደሚሆን ዓይቷላ! ጉልበቱ እኩል ነው፣ የተለየው ክብደቱና የሚደርስበት ለውጥ ነው፤ ግን ይሄን ለማመን ዓመታት ይፈጃል። ሃርቫርድ ማዙር የሚባለው ፕሮፌሰር ፈተናውን ለተማሪዎቹ ሲሰጥ አንዷ ተነስታ እርስዎ ባስተማሩን መንገድ ልመልስ ወይስ እኔ በማስብበት ብላ ጠየቀችው። የሰውዬው የማስተማር ዘዴ የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1998 እ.ኤ.አ. ሄክ የሚባል ሰው በዚሁ ዓይነት ፈተና የ6,542 ተማሪዎችን ውጤት ሰብስቦ አወዳደረ። በተለመደው ገለጻ የተማሩት ሊያሻሽሉ ይችሉ ከነበረው በአማካይ 0.23 ያህል ብቻ ነው ያሻሻሉት፣ እየተወያዩና እየሞከሩ የተማሩት 0.48። ይሄ ንጹሕ ቁጥር ነው። ግን ከቁጥሩ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የተማሪ ስህተት ሲለቅም ከርሟል። እሱ ባይኖር ይሄ ሁሉ ሕዝብ የተመዘነበት ፈተና ቀመር የመሸምደድ ፈተና ይሆን ነበር፣ የገላጩና የተወያዩ ልዩነትም ላይታይ ይችል ነበር።

እናንተ ዳታ የምትሠሩ ልጆች ግን የምትለምዱት ክፉ ነገር አለ። ምርጫውን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ አታስገቡም። ልክ ከሆነ 1፣ ስህተት ከሆነ 0። ያኔ ልጁ ያሰበውን ሁሉ ጣላችሁት። «ሲኖትራኩ ይበልጣል» ያለውና ባዶ የተወው አንድ ዜሮ ሆኑ።

ዳታ ቤት ከዚራ | ረቡዕ ጠዋት 2፡05

ጋሼ (ድሬ ላይ አንቱ አይባልም ይላሉ፣ እኔ ግን ለእርስዎ እላለሁ) ይሄ የመጨረሻው ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባ። ስድስት ዓመት ዜሮና አንድ ሳስገባ ኖሬያለሁ። ደንበኛውም ራሱ አርሞ ዜሮና አንድ አድርጎ ነው የሚያመጣው። የልጆቹን ወረቀት አይቼ አላውቅም።

ማታ ተማሪ ሐረር | ረቡዕ ቀትር 6፡30

ሁለት ነገር ልጨምር፣ የምሳ ሰዓቴ ነው።

እስካሁን «ትምህርቱን ማወቅ» ስትሉ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምታወሩት። የዳታ ቤት ሦስቱ ገምጋሚዎች ሒሳብ ያውቁ ነበር። ቲቸር የምታውቀው ሒሳብ ብቻ አይደለም፣ ልጅ ሒሳብን እንዴት እንደሚስት ነው። ሹልማን የሚባል የትምህርት ተመራማሪ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው ይሄን ለይቶ ስም የሰጠው፣ አንድን ትምህርት ማወቅና ያንን ትምህርት ለማስተማር ማወቅ።

ይሄ ራሱ በቁጥር ተፈትሿል። ጀርመን ውስጥ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የሒሳብ መምህራንን ሁለቱንም ለያይቶ ፈትኖ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ምን ያህል እንዳደጉ አየ። የተማሪውን ዕድገት በደንብ ያስረዳው የማስተማር ዕውቀቱ ነው፣ ሒሳብ ብቻ ማወቁ አይደለም። አስቡት እንግዲህ፣ ሁለቱን በአንድ ፈተና ቀላቅለው ለክተው ቢሆን ኖሮ «የመምህር ዕውቀት ትንሽ ይጠቅማል» ብለው ሊወጡ ይችሉ ነበር። ለያይቶ መለካት ያለበት መሆኑን ያወቀው ስታትስቲክሱ አይደለም።

ሁለተኛው ፔሩ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ሜትዝለርና ቮስማን የሚባሉ ተመራማሪዎች የሠሩት። ይሄኛው ለረድፍና ዓምድ ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ብልጠቱ የዲዛይን ነው። 6ኛ ክፍል አንድ መምህር ሒሳብም ንባብም ያስተምራል፣ መምህሩም ተማሪውም በሁለቱም ተፈትነዋል። እንግዲህ ያው መምህር፣ ያው ልጅ። መምህሩ በሒሳብ ከንባብ ይበልጥ ጎበዝ ከሆነ ልጁም በሒሳብ ከንባቡ ይበልጣል ወይ? ሒሳብ ላይ አዎ፣ መምህሩ በአንድ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሲሻል ተማሪው ወደ 9 ከመቶ የሚሆን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይሻላል። ንባብ ላይ ግን ግልጽ ነገር አልታየም። እዚህ ጋ ነው እኔ የምቆመው። ለምን ንባብ ላይ አልታየም? ንባብ ቤትም ይለመዳል፣ ሒሳብ ግን ከክፍል ውጭ ብዙ አያገኝህም፣ ይሄ የእኔ ግምት ነው። የመምህሩ የንባብ ፈተናም ሌላ ነገር ለክቶ ሊሆን ይችላል። ከሪግሬሽን ሰንጠረዡ መልስ አይወጣም፣ ሁለት ክፍል ገብቶ መቀመጥ ነው።

ረድፍና ዓምድ | ረቡዕ ማታ 1፡20

እሺ። ግማሹን ተሸንፌያለሁ፣ ግማሹን አልሰጥም 😄

የተሸነፍኩበት፣ አንድ ቁጥር ከመደመሩ በፊት መደመር አለበት ወይ የሚለውን ቁጥሩ አይነግርህም። የአስርዮሹ ፈተና ላይ የ12 ጥያቄ ድምር የሚባል ነገር ራሱ ትርጉም የለውም። ልጆቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረደሩ አይደሉም፣ የተለያየ ወገን ናቸው። አልፋ ድምር ትርጉም አለው ብሎ ነው የሚነሳው።

ያልሰጠሁት፣ ለዚህም ስታትስቲክስ አለ። የተደበቁ ቡድኖችን ከመልስ አሰጣጥ የሚለይ ሞዴል አለ፣ በነጻ ሶፍትዌር ይሠራል። ዳታ ቤት ያን ቢያውቅ ቲቸር ሳትመጣ ሦስት ቡድን እንዳለ ያይ ነበር። ለ38 ልጅ ግን አይሆንም፣ ያንሳል። ለ38ስ በእጅ ነው መደርደር።

ቲቸር ከሳቢያን | ረቡዕ ማታ 1፡34

ሦስት ቡድን እንዳለ ታይ ነበር። ምን ብለህ ነበር ስም የምታወጣላቸው?

ረድፍና ዓምድ | ረቡዕ ማታ 1፡36

ቡድን 1፣ ቡድን 2፣ ቡድን 3 😂 እሺ ገባኝ።

ዳታ ቤት ከዚራ | እሁድ ማታ 2፡50

የቆየሁት አንድ ነገር ስሠራ ስለነበር ነው።

ደንበኛዬን ደውዬ የልጆቹን ወረቀት አምጣ አልኩት። በኩርቱ ፌስታል ይዞ መጣ። ዛሬ ከሰዓት እኔ፣ እሱ እና ቲቸር ቁጭ አልን። መብራት ሄዶ ነበር፣ በሩን ከፍተን በካርቶን እያራገብን 38ቱን ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋነው። ኮምፒውተር የለ፣ ምን የለ። ቲቸር ወረቀቱን እያነሳች ገና ሦስቱን ጥያቄ አይታ ክምር ትለያለች።

17 ልጆች ዘጠኙን ወይም ስምንቱን አግኝተው ሦስቱን በሙሉ ስተዋል። 9 ልጆች ሁሉንም ወይም ከአንድ በስተቀር ሁሉንም አግኝተዋል። 5 ልጆች ሦስቱን አግኝተው ዘጠኙን ከሞላ ጎደል ስተዋል። 7ቱ ዝብርቅርቅ ናቸው፣ የገመቱ ይመስላሉ።

አሁን እኔ ያደረግኩትን እዩ። ሦስቱን ጥያቄ ስቆርጥ 17ቱና 9ኙ አንድ ሆኑ። 26 «ጎበዝ» ልጅ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፣ እስከ ማታ ድረስ አልተገለጠልኝም ነበር። ደንበኛዬ አዲሱን ዘዴ አስተምሮ ቢሳካለትና 17ቱ ልጆች በትክክል ቢገባቸው፣ በእኔ ፈተና ከ9 ስንት ያመጣሉ? 9። በፊትስ? 9 ወይም 8። ዘዴው ሠርቶም ለውጥ የለም ይባል ነበር። በፊትና በኋላ ያለውን አማካይ የሚያወዳድረውን ቲ-ቴስት እኔው ነበርኩ የምሠራለት፣ «ልዩነት የለውም» ብዬ ጽፌ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ።

አንዱ ወረቀት ላይ ልጁ በእርሳስ ከ0.125 ጎን «መቶ ሃያ አምስት» ብሎ ጽፎበታል። ቀጭን ጽሑፍ ናት፣ አጥፍቶት ነበር፣ ግን ይነበባል። ደንበኛዬ ራሱ ያረመው ወረቀት ነው፣ ዜሮ ሰጥቶት አልፏል።

ባለ ቴሲሱ | እሁድ ማታ 3፡15

እኔ ነኝ ባለጉዳዩ። ስሜ ይቅርብኝ።

መጀመሪያ ሰው ፊት የተሰጣሁ መስሎኝ ተናድጄ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንዴት አላየሁትም? አስቤ አስቤ የደረስኩበት፣ ክፍል ውስጥ አውቀው ነበር፣ ቴሲስ ስጽፍ ግን የመምህርነቴን ኮት አውልቄ ነው የተቀመጥኩት። ጥያቄዎቹን ከተለያየ መጽሐፍ ሰበሰብኩ፣ ለገምጋሚ ሰጠሁ፣ ለዳታ ሠሪ ሰጠሁ። ሳይንስ እንዲሆን የራሴን ግምት ማስገባት የለብኝም ብዬ ነበር። መጽሐፎቹ ላይ ያሉት ደግሞ አብዛኛው እንደ 0.75 እና 0.3 ናቸው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን 6 ረጅሙ የሚበልጥበት፣ 6 አጭሩ የሚበልጥበት አድርጌ፣ ቁጥሮቹ እኩል ርዝመት ያላቸውንም ጨምሬ አዲስ ፈተና እየጻፍኩ ነው። ውጤቱንም በድምር ሳይሆን ስንት ልጅ ከየትኛው ስህተት ወደ የት ሄደ ብዬ ነው የማቀርበው። አድቫይዘሬ ጋ ደውዬ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ከዚያ «እና አልፋህ ስንት ሊሆን ነው?» አለኝ።

የጀጎል ልጅ | እሁድ ማታ 3:18

ወይኔ 😂😂

ጡረተኛው ፊዚክስ | እሁድ ማታ 3፡40

ልጄ፣ ያቺን «መቶ ሃያ አምስት» የተጻፈባትን ወረቀት ስካን አድርገህ ዲፌንስህ ላይ መጀመሪያ እሷን አሳይ። ሰንጠረዡን በኋላ። ቁጥር የለመደ ኮሚቴም ቢሆን የልጅ እጅ ጽሑፍ ሲያይ ይቆማል። የልጁን ስም ሸፍነው ታዲያ።

ረድፍና ዓምድ | እሁድ ማታ 3፡52

አልፋውን ከጠየቁህ ለእያንዳንዱ የጥያቄ ዓይነት ለብቻው አውጣ። ለስድስቱ አንድ፣ ለስድስቱ አንድ። ሁለቱም ጥሩ ይሆናሉ፣ ስትደምራቸው ነው የሚወርደው። ያ መውረዱ ራሱ ግኝትህ ነው፣ አትደብቀው። አንድ ገጽ ጽፌ እልክልሃለሁ፣ ክፍያ የለውም፣ ማንጎ ብቻ።

ቲቸር ከሳቢያን | እሁድ ማታ 4፡05

አዲሱን ፈተና ከማባዛታችሁ በፊት አሳዩኝ። ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ አሥር ሰዓት እመጣለሁ። መብራት ተመልሷል?

ዳታ ቤት ከዚራ | እሁድ ማታ 4፡07

አልተመለሰም። በእጅ ጽፈን እንጠብቅሻለን፣ በሻማም ቢሆን። ቀይ እስክሪብቶውን ግን ከእኔ እጅ ወስዶታል ባለ ቴሲሱ።